የጥዱ ሥር ለምን ባዶ ቀረ? ለሱሉልታዋ ጠያቂ

ጥያቄው ይኸው፤ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ሱሉልታ ዳር ላይ ትንሽ ቦታ አለችን። አምስት ያረጁ ጥዶችና አንድ ትልቅ ወይራ አሉባት። በአንድ ጎን የጎረቤት ባህር ዛፍ ያዋስናታል። ከዛፎቹ ሥር ግን ባዶ መሬት ነው። ጫካ ውስጥ እንደማየው ሥሩ በቀጨሞ፣ በአጋም፣ በእንሶስላና በትንንሽ ዝግባ እንዲሞላልኝ ፈልጌ ዘር ሰበሰብኩ። ክትክታም ጨመርኩበት። ሁሉንም ፀሐይ ላይ በደንብ አደረቅሁ። ሰው እንደመከረኝ የፈላ ውኃ አፍስሼበት አሳደርኩና ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ፕላስቲክ ውስጥ ዘራሁ። ክትክታው ግር ብሎ ወጣ፣ አጋሙ ጥቂት፣ ሌላው የለም። የወጡትን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከጥዱ ሥር ተከልኳቸው። ለገና አንድም አልደረሰ። ዘሩ ነው ወይስ እጄ?»

ጋሼ ስላልሽኝ እኔም አንቺ ልበልሽ። እጅሽ ምንም አልሆነም። የዘሩን ጉዳይ እመለስበታለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ያለቁብሽን እንይ፤ ትልቁ ነገር ያለው እዚያ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተተከለ የሁለት ወር ችግኝ ስንት ዝናብ ያገኛል? በኛ አካባቢ ክረምቱ መስከረም መጨረሻ ላይ ይወጣል። አንድ ወር ቢሆን ነው። በዚያ አንድ ወር ውስጥ ሥሩ ከፕላስቲኩ አፈር ወጥቶ፣ አዲሱን አፈር ለምዶ፣ በጋ ላይ እርጥበት ወደሚቆይበት ጥልቀት መውረድ አለበት። አይችልም። ጥቅምት ላይ ላዩ ደረቀ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ድርቁ ወደ ታች ወረደ፣ አለቀ። ገና ድረስ የቆየ ካለ እንዲያውም ጎበዝ ነው።

ይህን የምልሽ ጫካ ውስጥ ደጋግሜ ስላየሁት ነው። ነሐሴ ላይ መናገሻ ሱባ ጫካ ግቢና ከአንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ተንበርከኪ። የወደቀውን ቅጠል በጣትሽ ገለጥ ስታደርጊ ከክብሪት እንጨት የማይበልጡ ቀጫጭን ችግኞች ታያለሽ። አንድ ክንድ በማትሞላ ቦታ ላይ ቆጥሬ ሃያ ምናምን ያገኘሁበት ጊዜ አለ። የካቲት ላይ ስመለስ ከዚያች ቦታ የቀሩት ሦስት ነበሩ። ከሞቱት አንዱን ነቅዬ ሥሩን አየሁት። አፈር የሚባል ነገር አልነካም። ሁለት ጣት በሚሆን የቅጠል ምንጣፍ ውስጥ ተጠምዝዞ ቀርቷል። ዝናቡ እያለ ምንጣፉ እርጥብ ስለሆነ ችግኙ አፈር ያገኘ መስሎታል። ዝናቡ ሲሄድ መጀመሪያ የሚደርቀው ያ ምንጣፍ ነው። የተረፉት ሦስቱ የነበሩት ከአንድ የበሰበሰ ግንድ ጎን፣ ቅጠሉ ሳሳ ያለበት ቦታ ላይ ነበር።

እና መብቀል አንድ ነገር ነው፣ መጽደቅ ሌላ። «ጸደቀ» የምንለው የመጀመሪያውን በጋ ካለፈ በኋላ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በአረንጓዴ አሻራ ሰሞን ሁላችንም አካፋ ይዘን እንወጣለን፤ ፎቶም እንነሳለን። ጥር ላይ ግን የተከልነውን ሄደን የምናየው ስንቶቻችን ነን? (እኔንም ጨምሮ ነው የምለው። አንድ ዓመት የተከልኩትን ሳላይ ቀርቼ ፍየል ጨርሶት አገኘሁት።)

ስለዚህ ሥራሽን ከመስከረም መጨረሻ ተነስተሽ ወደ ኋላ ቁጠሪው። ዝናቡ እዚያ ያበቃል። ችግኙ መሬት ውስጥ ቢያንስ አሥር ሳምንት ዝናብ ማግኘት አለበት፤ ስለዚህ የሚተከለው ሐምሌ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ነው፣ መሬቱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥም ሲርስ። ሐምሌ ላይ ጠንካራ ሆኖ እንዲገኝ ደግሞ ከዚያ በፊት ብዙ ወራት ፕላስቲክ ውስጥ መክረም አለበት። ይህ ማለት ዘሩ አፈር የሚገባው በበጋው፣ አሁን በጥርና በየካቲት ነው። አንቺ ሐምሌ ላይ ስትዘሪ ዝናቡን አይተሽ ነው፤ ገበሬም እንዲሁ ያደርጋል። ጤፍ ግን በዚያው ዓመት ታጭዶ ያልቃል። ዝግባ ከፊቱ በጋ አለበት።

አሁን ወደ ዘሩ። የዘራሽው ራሱ ስህተቱን ይነግረናል። አምስት ዓይነት ዘር አንድ ዓይነት አያያዝ ሰጠሽ፤ በደንብ የወጣው ክትክታ ብቻ ነው። ለምን? የፈላ ውኃ የክትክታ መድኃኒት ስለሆነ ነው። የክትክታ ዘር ሽፋን ውኃ አያስገባም። እንደ ግራር ነው። ትኩስ ውኃ ያንን ሽፋን ይሰነጥቅለታል፣ ውኃ ይገባል፣ ይበቅላል። የመከረሽ ሰው አልዋሸም፤ ምናልባት ግራር ሲያፈላ የኖረ ሰው ነው። ቀጨሞ፣ አጋምና እንሶስላ ግን እንዲህ ያለ ሽፋን የላቸውም። እነሱን የፈላ ውኃ ውስጥ መክተት ሽሉን መቀቀል ነው። አጋሙ ጥቂት የወጣልሽ ውኃው ቶሎ ቀዝቅዞ ይሆናል።

የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው። የወጣልሽ ክትክታ ለዚያ ቦታ የማይሆነው ነው። ክትክታ ፀሐይ ወዳድ ነው፤ የሚያምርበት በተራቆተ ዳገትና በመንገድ ዳር ነው። ጥድ ሥር ብትተክዪው በጋውን ቢያልፍ እንኳ ጥላው ያቀጭጨዋል። ለአጥርሽ ዳር፣ ለፀሐይ በኩል ያዥው።

ማድረቁም አለ። ፀሐይ ላይ ማድረቅ ለስንዴና ለባቄላ የታወቀ ነው፤ የጫካ ዘር ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። እኔ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ የጥቁር እንጨት ዘር በኃላፊነት ተሰጠኝ፤ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ። ሸራ ላይ አሰጣሁት። እያገላበጥኩ ሦስት ሳምንት ፀሐይ አስመታሁት። ኩራቴ አይጣል ነበር። ከዚያ ዘራን፤ ጠበቅን፤ አንድም አልወጣም። አለቃዬ አንዱን ፍሬ በምላጭ ለሁለት ሰንጥቆ ውስጡን አሳየኝ፤ ቡናማ ሆኖ ተጨማዷል። «ቡና መሰለህ እንዴ? ቆልተህ እኮ ነው የዘራኸው» አለኝ። የጥቁር እንጨት ዘር ብዙ መድረቅ አይችልም። ከዛፉ እንደወረደ ሥጋው ታጥቦ በትኩሱ መዘራት ነው ያለበት። ያን ቀን የተማርኩት የምላጩን ነገር ነው። ዛሬም ማንኛውንም ዘር ከመዝራቴ በፊት አሥር ያህሉን እሰነጥቃለሁ። ውስጡ ነጭ፣ ጠንካራና ሙሉ ከሆነ ሕይወት አለው። ባዶ፣ ቡናማ ወይም ለስላሳ ከሆነ ጊዜሽን አታባክኚ።

ሥጋ ላላቸው ፍሬዎች፣ ማለትም ለአጋም፣ ለቀጨሞ፣ ለወይራ፣ ሥጋውን ማጠብ ግድ ነው። ሥጋው ውስጥ መብቀልን የሚከለክል ነገር አለ፤ ሻጋታም ይጠራል። በጫካ ይህን ሥራ የሚሠራው ወፍ ነው፤ በልቶ፣ ሥጋውን ፈጭቶ፣ ዘሩን ሌላ ዛፍ ሥር ይጥለዋል። አንቺ ሳፋ ውስጥ ከሸካራ አሸዋ ጋር እሺው። ከዚያ ውኃ ሙዪበትና ተዪው፤ የሚንሳፈፈው አብዛኛው ባዶ ነው፣ ድፊው። የቀረውን ጥላ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አንድ ሁለት ቀን አጠፍፊውና ዝሪው። አጋም በትኩሱ ከተዘራ አያስቸግርም። ወተቱ እጅ ላይ ስለሚጣበቅ ግን ዘይት ቀባ አድርጊ።

ቀጨሞ ችኮላ አያውቅም። ዘሩን ዘርተሽ ወራት ልትጠብቂ ትችያለሽ። ብዙ ሰው በሁለተኛው ወር ላይ «ሞቷል» ብሎ ፕላስቲኩን ይደፋዋል። አንቺም ደፍተሽው ከሆነ አላውቅም። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በዪ፤ ቀጨሞ ወንድና ሴት አለው። ፍሬ የማታይበት ቁጥቋጦ ታሞ ሳይሆን ወንድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ቁጥቋጦ ብቻ አትልቀሚ። ከብዙ እናት ጥቂት ጥቂት ሲለቀም ጫካውም አይጎዳም፣ የአንቺም ችግኝ የአንድ እናት ልጆች ብቻ አይሆንም። ከተከለለ ጫካ የምትለቅሚ ከሆነ ደግሞ ጠባቂዎቹን አስፈቅጂ። ችግኝ ነቅሎ ማምጣት ግን ይቅርብሽ፤ ሥሩ ይበጠሳል፣ ያውም አይጸድቅም።

ዝግባ ላይ የፈላ ውኃ ጉልበቱ አይበቃም። ዘሩን የያዘው እንደ እንጨት የጠነከረ ቅርፊት ነው። እንዳለ ከተዘራ እስኪበሰብስ ድረስ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይጠብቃል። የምታፈጥኚው ቅርፊቱን በመስበር ነው። ፒንሳ ያዢ። ፍሬውን በጥርሱ መሀል አድርገሽ ቀስ ብለሽ ጨመቅ አድርጊው። «ሲጥ» ሲል አቁሚ። ውስጡ እንዳይጨፈለቅ። መጀመሪያ አሥር ሃያውን ታበላሺያለሽ፤ ከዚያ እጅሽ ይለምደዋል። ልጆች ካሉሽ አስለምጃቸው፤ ይወዱታል።

እንሶስላ ደግሞ ለብቻው ወግ አለው። እናቶቻችን እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበት ያ ሥር ማለት ነው። ፍሬው ሲደርስ ጣት ከነካው ፈንድቶ ዘሩን ይበትነዋል። እና አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፦ ስትለቅሚው በእጅሽ ላይ ፈንድቶብሻል? ካልፈነዳ አልደረሰም ማለት ነው፤ አረንጓዴውን ነው የቀጠፍሽው። ሌላ ጊዜ ፍሬው ሲያብጥ በአሮጌ የናይለን ካልሲ ሸፍነሽ እሰሪው። ሲፈነዳ ዘሩ ካልሲው ውስጥ ይቀርልሻል። አፈሩ ላይ በትኚው፤ አትቅበሪው። በእኔ በኩል ግን ለእንሶስላ ዘር አልደክምም። ሥሩን ከሚያሳድግ ሰው ለምኜ ክረምት ሲገባ እተክለዋለሁ። ተክሉ በጋውን የሚያልፍበት ዘዴ ራሱ ያስቀናል፤ ከላይ ያለው ደርቆ ይጠፋል፣ ሥሩ መሬት ውስጥ ተኝቶ ዝናብ ይጠብቃል። ኅዳር ላይ «ሞተ» ብለሽ እንዳትነቅዪው። ቦታውን በእንጨት ምልክት አድርጊበት።

ስለ አቀባበሩ አንድ ሕግ ይበቃሻል። ዘሩን የውፍረቱን ሁለት እጥፍ ያህል አፈር አልብሺው። እንደ አንፋርና አሜጃ ዱቄት የመሰለ ዘር ካጋጠመሽ ግን ጭራሽ አታልብሺው፤ ብርሃን ይፈልጋል። ይህ የብርሃን ነገር ለጥያቄሽ ዋና ነው። ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለራሱ ይጠቀምበታል። ዘልቆ ወደ መሬት የሚያልፈው ለዓይናችን እምብዛም የማይታየው ጥልቁ ቀይ ይበዛበታል። ትንንሽ ዘሮች ይህንን ልዩነት ያውቁታል። «ከላዬ ሰው አለ» ብለው እንቅልፋቸውን ይቀጥላሉ። ስንቃቸው ትንሽ ስለሆነ ጥላ ውስጥ ቢወጡ እንደማይዘልቁ ያወቁ ይመስላሉ። ትልልቆቹ፣ እንደ ዝግባ ያሉት፣ ስንቅ ስላላቸው ጥላ ውስጥም ይወጣሉ።

በዚህ ነገር ላይ ብዙ የደከሙ ኢትዮጵያዊ ምሁር አሉ፤ ፕሮፌሰር ደምል ተከታይ። በ1980ዎቹ መናገሻን ጨምሮ ከሀገራችን ደጋ ጫካዎች አፈር እየወሰዱ ውስጡ ምን ዘር እንዳለ ከባልደረባቸው ጋር አጥንተዋል። አፈሩ ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቀው ዘር በብዛት የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር ሆኖ ነው የተገኘው። የትልልቆቹ ዛፎች ዘር በጣም ጥቂት ነው። እነሱ ተስፋቸውን የሚያስቀምጡት በዘር ሳይሆን በጥላው ሥር ቀጭጨው በሚጠብቁ ችግኞች ነው። ለአንቺ ቦታ ይህ ምን ማለት ነው? አጥረሽ ብትጠብቂ ቅጠላ ቅጠሉ ከአፈሩ ራሱ ሊመጣልሽ ይችላል። ዝግባ ግን አፈርሽ ውስጥ የለም፤ ማምጣት አለብሽ።

«ባዶ መሬት» ያልሽውም ያሳስበኛል። ጥድና ወይራ ሥር መሬት ባዶ የሚሆነው በራሱ አይደለም። ወይ ከብትና ፍየል ይገባል፣ ወይ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ይጠረጋል። ዘበኛችሁ ንጹሕ ሰው ከሆነ ስለ መጥረጊያው አነጋግሪው። የሚጠረገው ቅጠል ብቻ አይደለም፤ ወፍ የጣለው ዘርም አብሮ ይሄዳል። ወይራሽ ራሱ ወፍ ይጠራል። መጥረጉ ይቁምና ከአንድ ክረምት በኋላ ከወይራው ሥር ጎንበስ ብለሽ እዪ። ያልዘራሽውን ታገኚ ይሆናል። እዚህ ላይ ግን ሚዛን አለው። ቅጠሉ ጭራሽ ከሌለ መሬቱ ይደርቃል፣ ይደድራል። ከበዛ ደግሞ ያ የዝግባዬ ችግኝ ዕጣ ይደርሰዋል። የምትተክዪበትን ቦታ ብቻ፣ አንድ ስንዝር በአንድ ስንዝር፣ ቅጠሉን ገለጥ አድርገሽ አፈሩን አግኚ። ከተከልሽ በኋላ ያንኑ ቅጠል ዙሪያውን እንደ ጉዝጓዝ መልሺው፤ ግንዱን ግን አይንካ።

የባህር ዛፉ ጎን ይቆይልሽ። ቅጠሉ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ሥሩ ውኃውን ይሻማል፣ በጋ ላይ ደግሞ ያሸንፋል። እዚያ መትከል ካለብሽ በድንበሩ ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦይ ቆፍረሽ የሚገባውን ሥር ቁረጪ፤ በየዓመቱም ድገሚው። ባህር ዛፍ ሥር ምንም አይበቅልም የሚለው ግን ልክ አይደለም። ጫካ ቅርብ በሆነበትና ዘር የሚያመጣ ወፍ ባለበት ቦታ፣ በፈረንጅ ጥድም በባህር ዛፍም ሥር ሀገር በቀል ችግኞች ሲወጡ በመናገሻ ታይቷል። አንቺ ጋ ጫካው ሩቅ ነው፤ ልዩነቱ እሱ ነው።

ለፕላስቲኩ የእኔ ልክ ሦስት እጅ የአካባቢሽ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። በዚያ ላይ ከወይራሽ ሥር የተቆፈረ አንድ ሁለት እፍኝ አፈር ጨምሪበት። በዚያ አፈር ውስጥ ከሥር ጋር ተጣምሮ ምግብ የሚያቀብል ጠቃሚ ፈንገስ አለ። ዝግባም፣ ወይራም፣ ጥቁር እንጨትም ያለ እሱ ይንቀረፈፋሉ። ውኃ ጠዋት አጠጪ፤ ማታ አይሆንም። በሱሉልታ ብርድ ላይ ማታ የረጠበ ችግኝ አንገቱ ላይ ጠቁሮ እንደ ተቆረጠ ይወድቃል፤ ያም ፈንገስ ነው፣ ግን ክፉው። ከላዩ የሣር ዳስ አድርጊለት። ግንቦት ላይ ዳሱን እያሳሳሽ፣ ውኃውንም እየቀነስሽ አለማምጂው። ተንደላቆ ያደገ ችግኝ ሜዳ ላይ አይችልም። በየወሩ ፕላስቲኩን አንሥተሽ ቦታ ቀይሪለት፤ አለዚያ ሥሩ ወደ ታች ወርዶ ከመደቡ ጋር ይያያዛል፣ ስትነቅዪው ይበጠሳል። ስትተክዪ ደግሞ ፕላስቲኩን ቅደጂው። «ይበሰብሳል» የሚልሽን አትስሚ።

ከተከልሽ በኋላ ያለውን በጋ በሃይላንድ አሳልፊው። ባዶውን ጠርሙስ ክዳኑ ላይ በመርፌ ቀዳዳ አድርጊበትና ቂጡን ቆርጠሽ በአፉ ከችግኙ አጠገብ ትከዪው። በሳምንት አንዴ ሙዪው። ቀስ እያለ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፣ ሥሩም ውኃውን ተከትሎ ይወርዳል። በየቀኑ ላዩን መርጨት ሥሩን ላይ ያስቀረዋል፤ አንድ ሳምንት ብትረሺ ይሞታል። ስለ ውርጩ አትጨነቂ፤ የጥዱ ጥላ እንደ ብርድ ልብስ ነው። ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እንዳይለቅ ይይዝለታል። ውርጭ የሚገድለው ሜዳው ላይና ጎድጓዳው ውስጥ ያለውን ነው።

አሁን ጥር ነው፣ ጊዜው አላለፈም። አጋምና ቀጨሞ የደረሰ ፍሬ ካገኘሽ ዛሬ ነገ ሳትዪ እጠቢና ዝሪ። አጋሙ ለሐምሌ ይደርስልሻል። ቀጨሞውና ዝግባው ለከርሞ ሐምሌ ናቸው፤ ሁለት በጋ ፕላስቲክ ውስጥ ቢከርሙ ይጠቀማሉ እንጂ አይጎዱም። የዓምናዎቹን የዝግባ ፕላስቲኮች እስካሁን ካልደፋሻቸው ደግሞ አትድፊያቸው። ሦስቱን አውጥተሽ ቅርፊታቸውን ስበሪና በምላጭ ሰንጥቂያቸው። ውስጣቸው ነጭ ከሆነ የቀሩትን በፒንሳ ከፍተሽ መልሰሽ ቅበሪያቸው። ቡናማ ከሆነ አፈሩን ለአጋሙ ተጠቀሚበት።